ዝም ያለ ሁሉ እሺ እንዳለ ተቆጠረ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ ኬክ ገዛልኝ። በላዩ ላይ በሰማያዊ ክሬም “ስለ አገልግሎትሽ እናመሰግናለን” ተብሎ ተጽፎበታል። ሥራ አስኪያጃችን ግራንት ብድግ ብሎ ንግግር አደረገ። ትጉህ ነበረች አለ። ሰዓት አክባሪ ነበረች አለ። አንድም ቀን አስቸግራን አታውቅም አለ። ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር እጄ ላይ የነበረውን የኬክ ቢላዋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አስቸግሬው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ፣ ያውም አጥብቄ። ረስቶታል ማለት ነው። እኔ ግን አልረሳሁትም፤ ይህንን የምጽፈውም ስላልረሳሁት ነው።

ጽጌ እባላለሁ። የምኖረው ካናዳ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከማርልቦሮ ሞል የገበያ አዳራሽ ጀርባ ካሉት አሮጌ ቤቶች በአንዱ ነው። ሥራዬ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ላስረዳ። እዚህ አገር መንግሥት ሊበደር፣ አዲስ ነገር ሊገነባ ወይም በቤት ባለቤቶች ላይ ተጨማሪ ክፍያ ሊጥል ሲል፣ ነዋሪው ቆይ የሚልባቸው አንዳንድ መንገዶች አሉ። የተቃውሞ ፒቲሽን ያዘጋጅና ከቤት ቤት እየዞረ ፊርማ ያሰባስባል። ፊርማው ሕጉ የጠየቀውን ያህል ከሞላ ዕቅዱ ይቆማል፣ ወይም ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል። ካልሞላ ቀረ። ታዲያ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እሱን ነበር የምሠራው። ድርጅታችን ትንሽ የግል ድርጅት ነበር፤ የማጣራቱን ሥራ ከልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች በኮንትራት ይወስዳል። ስሙን አልጠራም፤ አሁን ተዘግቷል።

ለፊርማ እንኳ አዲስ አልነበርኩም። አዲስ አበባ ሳለሁ ባንክ ውስጥ የቼክ ፊርማ አመሳክር ነበር። ካልጋሪ መጥቼ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ከሆቴል ጀመርኩ፤ አንሶላ አጠብኩ፣ አልጋ አነጠፍኩ። አንድ ቀን አብራኝ የምታስቀድስ ጓደኛዬ “አንቺ ባንክ ፊርማ ታዪ የለ እንዴ? ፊርማ የሚያይ ሰው የሚፈልጉ አሉ፣ አፕላይ አድርጊ” አለችኝ። ደሞዙ ከሆቴሉ ብዙም አይሻልም፤ ወንበር ግን ነበረው። ሆቴል ሠርቶ የማያውቅ ሰው ወንበር ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም።

ሥራውን ያስተማረችኝ አለቃዬ ዶሪን ናት። ከካልጋሪ በስተምሥራቅ የስንዴ እርሻ ላይ ያደገች፣ ድምፅዋ ጎርናና፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የምትቆረጥ ሴት ነበረች። በአማርኛ የምንነጋገር ቢሆን አንቱ እላት ነበር። ጠዋት እንደገባች ኮቷን ሰቅላ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ትሄዳለች፤ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት የምትነካው። “እዚህ ላይ የፈረመ ሰው በሩን ከፍቶ የቤቱን ሙቀት አስወጥቷል። ቢያንስ እጃችንን ልንታጠብለት ይገባል” ትለኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የምንሠራው በእርሳስ ብቻ ነው። አጠራጣሪውን በእርሳስ ነጥብ አድርገን እናልፋለን። እስክርቢቶ የሚነሳው ከምሳ በኋላ ነው፤ የተራበ ሰው ጨካኝ ነው ብላ ታምናለች። የተቀቀለ እንቁላሏን መስኮቱ ሥር ቆማ ትበላና፣ እጇን እንደገና ታጥባ፣ “በይ አሁን እንፍረድ” ትላለች።

ትልቁ ደንቧ አንድ ነበር። ፊርማ ከመሰረዝሽ በፊት ለማቆየት ምክንያት ፈልጊ። ፈልገሽ ስታጪ ብቻ ሰርዢ።

ይህ የርኅራኄ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፤ ሙያ ነው። ባንክ ጠረጴዛ ላይ ተደላድሎ የፈረመ ሰውና በብርድ በር ላይ ቆሞ የፈረመ ሰው አንድ ዓይነት ፊርማ አይፈርሙም። እዚህ በክረምት የእስክርቢቶ ቀለም ይደርቃል። ሰውየው ስሙን ሲጀምር ወረቀቱን ይቦጭረዋል፣ ቀለሙ ከመሃል ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ይደምቃል። የማያውቅ ሰው “ሁለት ሰው የፈረመው ነው” ይላል። ዶሪን ግን ወረቀቱን ወደ መብራቱ ታዘነብለውና ቀለም ያልነካውን የጭረት ሰርጓዳ በጣቷ ታሳየኛለች፤ የአንድ እጅ ነው። ሌላው አድራሻ ነው። ካልጋሪ አራት ቦታ የተከፈለች ስለሆነች ከመንገዱ ስም በኋላ ኖርዝ ኢስት ወይም ሳውዝ ዌስት ካልተባለ ቤቱ የት እንዳለ አይታወቅም፤ በጥድፊያ የሚፈርም ሰው ደግሞ እሷን ይረሳል። ዶሪን ካርታ ትዘረጋለች። ያ የቤት ቁጥር በሌሎቹ ሦስት አቅጣጫዎች ከሌለ፣ “ሰውየው መኖር የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ይቆይ” ትላለች።

እኔም ያስተማርኳት ነገር አለ። ከኖርዝ ኢስት የመጣ አንድ ፒቲሽን ላይ ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ የአባት ስማቸው የተለያየ ሆኖ አገኘችውና በእርሳስ ነጥብ አደረገችበት። የእኛ ሴቶች ሲያገቡ የባላቸውን ስም እንደማይወስዱ፣ ልጃቸውም ሦስተኛ ስም ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ነገርኳት። ነጥቡን አጠፋችው። ቀጥላ ያደረገችው ግን አስገረመኝ፤ ቀደም ሲል የጨረስናቸውን ወረቀቶች አስወጥታ፣ በዚህ ምክንያት ምልክት ያደረገችባቸው ካሉ አንድ በአንድ ፈተሸች።

ከዶሪን ጋር ከሠራኋቸው ሁሉ የማልረሳው የአንዲት ትንሽ ከተማ ጉዳይ ነው። ከካልጋሪ ወጣ ብላ ያለች፣ በመኪና አልፋችኋት የምትሄዱ ዓይነት ከተማ ናት። ምክር ቤቷ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ለመሥራት ሊበደር ተነሳ። የበረዶ ሜዳ፣ ምግብ ቤት፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ ምን የሌለው። ዕዳውን የሚከፍሉት የቤት ባለቤቶቹ ናቸው። የከተማዋ ሴቶች ፒቲሽን ይዘው ወጡ፤ ወረቀታቸው እኛ ዘንድ ሲመጣ አንዳንዱ የቅቤና የዱቄት ሽታ ነበረው። አጣራን፤ ሞላ። ሕጉ ስለሚያስገድድ ምክር ቤቱ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበ። ሕዝቡ አይሆንም አለ።

አሁን ልብ በሉ። ከተማዋ አልፈረሰችም። ልጆቹም ያለ ስፖርት አልቀሩም። ምክር ቤቱ ካኮረፈ በኋላ ቁጭ ብሎ አሰበና አነስ ያለ ዕቅድ ይዞ ተመለሰ፤ አንድ ሜዳ፣ ጥሩ ጣሪያ፣ ልብስ መቀየሪያ፣ በቃ። አሁንም ጠየቀ። ሕዝቡ እሺ አለ። ተሠርቶ ሲያልቅ ዶሪን በፒክአፗ ይዛኝ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ማን እንደሆንን ስትሰማ ሂሳብ አልቀበልም አለችን።

“ያ የመጀመሪያው ዕቅድ የእነሱ ነበር” አለች ወደ ምክር ቤቱ ሕንፃ በአገጯ እያመለከተች። “ይሄኛው ግን የኛ ነው።”

ይህንን የምነግራችሁ ታክስ ይገደብ የሚል ሰው ሁሉ ስስታም የሚመስላቸው ስላሉ ነው። እነዚያ ሰዎች አልሰሰቱም። ከፍለዋል። የፈለጉት መጠየቅ ነበር። የሚጠይቅ መንግሥት የሚያስፈልገውንና የሚያምረውን ይለያል። የማይጠይቅ መንግሥት ለምን ብሎ ይለይ? ኪሱ የሌላ ሰው ነው።

ዶሪን ጡረታ ወጥታ እህቷ ዘንድ ሄደች። በእሷ ቦታ ግራንት መጣ። ግራንት ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ካልተናገርኩ ሐሰት ይሆንብኛል። ልደታችንን ያስታውሳል፣ ዶናት ይገዛል። ግን ድርጅቱ የሚከፈለው ሥራው በቶሎ ሲያልቅ ነበርና ደንቡን ገለበጠው። ካጠራጠረ ሰርዙ። ካርታ መዘርጋት ቀረ። ወረቀት ወደ መብራት ማዘንበል ቀረ። ወረቀቱ ሁሉ ስካን እየተደረገ ስክሪን ላይ መታየት ጀመረ፤ ስክሪን ላይ ደግሞ የጭረት ሰርጓዳ አይታይም። እጅ መታጠብም ትርጉም አጣ። እኔ ግን አላቆምኩም።

ከዚያ የራንድል ሰፈር ጉዳይ መጣ።

ጋሼ ታደለን የኖርዝ ኢስት አበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው፣ ራንድል ውስጥ ትንሽ ቤት ገዝተው፣ ዕዳቸውን ከፍለው ጨርሰዋል። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ከቤታቸው ጀርባ መኪና የሚገባበት የጠጠር መንገድ አለ። ያንን መንገድ አስፋልት ለማድረግ ታቀደና ወጪው በዙሪያው ባሉ ቤቶች ላይ ተከፋፍሎ፣ በየዓመቱ ከቤት ታክሳቸው ጋር እንዲከፍሉት ማስታወቂያ ደረሳቸው። የተቃወመ በጊዜው ፒቲሽን ያቅርብ፤ ያልተቃወመ ግን እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል።

ይቺን ዓረፍተ ነገር እንደገና አንብቧት። ያልተቃወመ እንደተስማማ ይቆጠራል። ከዚያ ሰፈር ግማሹ ቤት ኪራይ ነው። ባለቤቶቹ ሌላ ከተማ፣ አንዳንዶቹም ሌላ አገር ናቸው። ደብዳቤውን ከፍተው ይዩት አይዩት የሚያውቅ የለም። እነሱ ሁሉ እሺ ብለዋል። በሞት አልጋ ላይ ያለ ሰው እሺ ብሏል። ማንበብ የማይችል እሺ ብሏል። አይሆንም ለማለት ግን በብርድ መውጣት፣ በር ማንኳኳት፣ ምስክር መሆን፣ ማስፈረም ያስፈልጋል። እሺ የሚለው ወገን አንድም በር አላንኳኳም!

ጋሼ ታደለ ወጡ። በዚያ እግራቸው፣ በዚያ በረዶ፣ ክሊፕቦርድ ይዘው ከበር በር ዞሩ። ተከራይ ሲያገኙ የባለቤቱን ስልክ እየተቀበሉ ደውለው፣ ወደ ከተማ ሲመጣ ጠብቀው አስፈረሙ። ከሚያስፈልገው በላይ እንኳ አሰባሰቡ። ሕጉ ግን ፊርማ የሚሰበስበው ሰው በእያንዳንዱ ፊርማ ጎን ምስክር ሆኖ እንዲፈርም ይጠይቃል፤ በየረድፉ። ጋሼ ታደለ በየገጹ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ፈረሙና ከዚያ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ሁላችንም በሕይወታችን እንዲህ አድርገናል። ከላይ እንዳለው ማለት ነው።

ወረቀቱ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ስማቸውን እንዳየሁ ተነስቼ ግራንት ቢሮ ገባሁ።

“ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፤ ሌላ ሰው ይየው” አልኩት።

“ሌላ ሰው የለም። ምን ችግር አለው? ደንቡን ተከትለሽ ሥሪ።”

“እሺ፣ እንግዲያው ደንቡን እንነጋገር። ፊርማዎቹ ትክክል ናቸው። አድራሻው ትክክል ነው። ችግሩ የምስክሩ መስመር ብቻ ነው። ስልካቸው አለ፤ አንድ በአንድ እንደውልና እንጠይቅ። ሰውየውም መጥተው በየረድፉ ይፈርሙ።”

“ማስረከቢያው ቀን አልፏል ጽጌ። ካለፈ በኋላ ምንም አይጨመርም።”

“ይህን እኮ ስናይ ነው ያለፈው! ወረቀቱ በጊዜው ነው የገባው።”

“እኔ ሕጉን አልጻፍኩትም።”

“ዶሪን ብትሆን...”

“ዶሪን የለችም” አለኝ። ሳይጮህ ነው ያለኝ፤ እንዲያውም በለሆሳስ። “መስመር ፊርማ አይደለም። ሰርዢው።”

አልሰርዝም አልኩት። ከፈለግክ አባርረኝ አልኩት። የቢሮው በር ክፍት ነበር። አብረውኝ የሚሠሩት ስክሪናቸው ላይ አቀረቀሩ። ግራንት ተነስቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፣ በእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላው ቆሜ እያየሁት ረድፍ በረድፍ፣ ገጽ በገጽ ሰረዛቸው። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ብቻ ቀሩ። ፒቲሽኑ አልሞላም ተባለ። ያን ሁሉ ሰው በስም፣ በአድራሻ፣ በገዛ እጁ አይሆንም ብሎ እያየነው፣ እሺ ብሏል ብለን ላክን።

በማግስቱ ከፊርማ ክፍል ወደ ስልክ ክፍል ተዛወርኩ። አላባረረኝም። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፣ ልጄ ኮሌጅ ነበረች፤ ቆየሁ። ስልክ እያነሳሁ “ፒቲሽንዎ በምርመራ ላይ ነው” እያልኩ ጡረታዬን ጠበቅኩ።

ጋሼ ታደለ ያገኙኝ ማርልቦሮ ሞል ውስጥ ነው። ክረምት ክረምት ትልልቅ ሰዎቻችን ምግብ የሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሞቃት ነው፣ ማንም ተነሱ አይላቸውም። ሲያዩኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ተቀመጥኩ።

“ከዚያ መሥሪያ ቤት ነሽ አሉኝ። አንቺ ነሽ የሰረዝሽው?”

“አይደለሁም ጋሼ። ግን እኔ እያየሁ ነው የተሰረዘው።”

“ሰዎቹ ፈርመው ነበር?”

“ፈርመው ነበር።”

“የራሳቸው እጅ ነው?”

“የራሳቸው ነው።”

“እኔስ ሲፈርሙ አይቻለሁ?”

“አይተዋል፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ምን ጎደለ?”

በየረድፉ መፈረም ነበረብዎት ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። እሱን ግን እንዴት ብዬ አፌን ሞልቼ ልበል? እሳቸው የቡናቸውን ኩባያ ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

“አስፋልቱን ጠልቼ እንዳይመስልሽ” አሉኝ። “ከጡረታዬ በላይ ሆነብኝ እንጂ። እሱንም ልተወው። እሺ ሳልል እሺ ብለሃል ማለታቸው ነው ያንገበገበኝ። በአገሬም እንዲህ ብለውኛል። እዚህ ደግሞ አይሉኝም ብዬ ነበር።”

አስፋልቱ ተሠራ። ክፍያው መጣ። በየዓመቱ ከሚጨምረው የቤት ታክስ ጋር ተደምሮ አልቻሉትም። በዚያ ክፍያ ብቻ ነው ቤታቸውን ያጡት አልልም፤ ጣሪያውም ያፈስ ነበር፣ ኢንሹራንሱም ጨምሯል። ግን ከተቆለለው ሁሉ ላይ የመጨረሻውን የጫነው እሱ ነው። ሸጡት። አሁን ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር፣ ሴት ልጃቸው ቤት ሥር ባለው ቤዝመንት ይኖራሉ። ልጃቸው ትንከባከባቸዋለች። ቤዝመንት ግን ቤዝመንት ነው።

ጡረታ በወጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ የሰፈሬ ሰዎች አንድ ነገር ጀመሩ። በዚህ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ማንኛውም ዜጋ አንድ ሐሳብ አቅርቦ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በቂ ፊርማ ካሰባሰበ፣ ሐሳቡ ለሕዝብ ድምፅ እንዲበቃ መንገድ የሚከፍት ሕግ አለ። ሐሳባችን አጭር ነው። ማዘጋጃ ቤቶች የቤት ታክስን ከኑሮ ውድነት በላይ ከማሳደጋቸው በፊት ነዋሪውን በድምፅ ይጠይቁ። አትጨምሩ አላልንም። ጠይቁ ነው ያልነው። አልበርታ ውስጥ መንግሥት የሽያጭ ታክስ ልጣል ቢል ሕዝበ ውሳኔ ማድረግ እንዳለበት በሕግ ተጽፏል። ስኳርና ሸሚዝ ስገዛ ልጠየቅ ይገባኛል፤ የምተኛበት ቤት ላይ ሲሆን ለምን አልጠየቅም? ይህን የሚመልስልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሥልጠናውን እኔ ያዝኩ። በጎ ፈቃደኞቹን በየሳምንቱ ሰበሰብኩና የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። እስክርቢቶው በውስጥ ኪሳችሁ ይሙቅ። ኖርዝ ኢስት የምትለዋን አስጽፉ። ባል ለሚስቱ አይፈርምም፤ ሚስቱን ጥራት በሉት። ጋሼ ታደለንም ኮርነርስቶን ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው።

“አብረን እንዙር ጋሼ። እርስዎ ሲያናግሩት እምቢ የሚል ሰው የለም።”

“ለራሴ እፈርማለሁ” አሉኝ። “ሰው በር ላይ ግን ሁለተኛ አልቆምም። የሰውን ፊርማ ተቀብዬ መና አስቀርቻለሁ። ምን ዓይኔን ይዤ?”

እኚህን ሰው ነው እንዲህ ያደረጓቸው። እስከዚያች ቀን የተቆጣሁት በሕጉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የተበደለን ሰው ጥፋተኛው ራሱ እንደሆነ በሚያሳምን ነገር ሁሉ ተቆጣሁ።

ቤት ውስጥም ሰላም አልነበረም። ልጄ ቤቲ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሶሻል ወርከር ናት። ደሞዟ ከመንግሥት ባጀት ነው። ክሊፕቦርዴን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ስታይ ፊቷ ይጠቁራል።

“እማ፣ ላይክ፣ ታክሱን ካፕ ካደረጋችሁት፣ እንዳይጨምር ከገደባችሁት፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የኔ ክላየንቶች ናቸው። ባስ ነው። ላይብረሪ ነው። የትልልቆቹ ፕሮጀክት አይነካም፣ ትረስት ሚ።”

“እሱን ማን ወሰነ? ላይብረሪ ይቆረጥ ብዬ እኔ ድምፅ እሰጣለሁ? ይምጡና ለላይብረሪ ነው ይበሉኝ፣ እሺ እላለሁ። ለአረጋውያን ባስ ነው ይበሉኝ፣ እሺ እላለሁ። ሁሉን አንድ ላይ ጠቅልለው ቢል ሲልኩልኝ ግን የቱን ነው እሺ ያልኩት?”

“ሰው ሁልጊዜ ኖ ነው የሚለው። ታክስ ስትጠይቂው ማን የስ ይላል?”

ስለዚያች ትንሽ ከተማ ነገርኳት። የሻዩን ሂሳብ አልቀበልም ስላለችን ሴትዮ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ ግን አላመነችም።

“ያ ትንሽ ታውን ነው እማ። ሁሉም ይተዋወቃል። እዚህ ሚሊየን ሰው ነው። እኔ ቮቱ ከመጣ ኖ ነው የምለው፣ ልንገርሽ።”

“በይ! ማን ከለከለሽ?” አልኳት። አልፈረመችም። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

ዞርን። ዝናብ ዘነበብን፣ ውሻ ለቀቁብን፣ በር ዘጉብን። በራቸውን የከፈቱት ግን ብዙ ነበሩ፤ ማውራት የሚፈልጉ፣ ቢላቸውን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስተው እያሳዩ የሚቆጡ። አንዲት ነርስ ከናይት ሺፍት ገብታ በፒጃማ ፈረመችልን። ሕጉ የሰጠን ጊዜ ግን አለቀ። የተጠየቀውን ያህል አልሞላንም። ሰዎቹ ስላልፈለጉ አይደለም፤ ስላልደረስንባቸው ነው። ሥራ ያለው ሰው ከሥራ በኋላ እየዞረ አንድን ክፍለ ሀገር የሚያዳርስበት ጊዜ አልተሰጠንም። ታክሱን የሚጨምሩት ግን አንድ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን አውጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ጨርሰው ይወጣሉ።

ይህንን የነገሩን በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ነው። የፒቲሽኑ አስተባባሪ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ ድካማችን አመሰገነን፣ ትምህርት አግኝተንበታል አለ። ተነሳሁ። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይጠፋል፤ ያን ቀን ግን አልጠፋም።

“ምስጋና አልፈልግም” አልኩ። “ዕድሜዬን ሙሉ ስመሰገን ኖሬያለሁ። ነገ ጠዋት ድጋሚ ማመልከት እንችላለን ወይስ አንችልም? እሱን ንገረኝ።”

“እንችላለን” አለ፤ “ግን ጽጌ፣ ሰው ደክሞታል።”

“ታክስ የሚጨምሩትስ ደክሟቸዋል?” አልኩት። አጠገቤ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሰው ወንበሩን ማጣጠፍ ጀመረ።

ቤቲ በመኪና ልትወስደኝ መጥታ በሩ አጠገብ ቆማ ኖሯል። ሰምታኛለች። ወጥተን መኪናው ውስጥ ገባን። ቀበቶዬን እያሰርኩ፣ ከንዴቴ የተነሳ ክፉ ቃል ወጣኝ።

“እንግዲህ ደስ ይበልሽ” አልኳት።

መኪናውን አላስነሳችም። መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ፊት ታያለች።

“ደስ አላለኝም” አለች። “እማ፣ እኔ እኮ ስዘጋጅ ነበር። ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ኖ በሉ እያልኩ ነበር። ለምን ኖ እንደምል ጽፌ ጨርሼ ነበር።”

“እና?”

“እና ቮቱ ቀረ፤ አሁን ማን ጠየቀኝ?” ብላ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። “የስ ማለት የፈለጉት ብቻ አይደሉም የተከለከሉት። እኔም ኖዬን ይዤ ቀረሁ።”